የባሕር ውኃ የያዘ የስቴንለስ ታንከር ብየዳው ዳር እየተበሳ ስለሆነ ምክር እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከሚገኘው የብረታ ብረት ሥራ ቤታችን፣ ጅቡቲ ውስጥ የባሕር ውኃ ለሚያጠራቅም ደንበኛ ከ304 ስቴንለስ ስቲል ታንከር በአርጎን በይደን አስረክበን ነበር። አሁን የላከልን ፎቶግራፍ እንደሚያሳየው ላሜራው እንደ አዲስ እያብረቀረቀ፣ ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ግን ሙቀቱ ሰማያዊና ቡናማ ባደረገው ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ተፈጥረው ዝገት ያዘለ ውኃ ይወርድባቸዋል።

የባሕር ውኃ በሊትር 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ ስለሚይዝ ክሎራይድ እንዳይበሳው የሚረዳው ሞሊብዲነም የተባለ ብረት የሌለበት የ304 ዓይነት አይመከርም፤ ደንበኛው በዋጋው ምክንያት መረጠው። ያልገባኝ ብየዳው ዳር ብቻ መበላቱ ነው። ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በስቲሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ከዝገት የሚከላከለውን ክሮሚየም ስለወሰደበት ነው ወይስ በላዩ የቀረው የሙቀት ቀለም ነው? ላሜራው ስስ፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑና ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

ቀለሙ በናይትሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቅልቅል እንደሚለቅ ባውቅም፣ ሃይድሮፍሎሪክ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አሲድ ስለሆነ ሠራተኞቼን በእርሱ ላይ ማሰማራት አልደፍርም። በስቴንለስ ብሩሽና በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃ ይሆን? የተበሳውንስ ሞሊብዲነም ባለው የ316ኤል የብየዳ ሽቦ ልሙላው ወይስ ዳሩን ቆርጬ ልቀይረው? በባሕር ዳርቻ ሥራ ልምድ ያላችሁ ባለሙያዎች ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ይከብደኛል።