የቀዘቀዘ ሰው «አንቀላፋ» ይባላል ወይስ «ሞተ»?

ጠያቂው፦ እባካችሁ እርዱኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸንክሬያለሁ። ስለ ክራዮኒክስ የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው፤ ወደፊት ይነሣል በሚል ተስፋ የሞተ ሰውን ገላ አቀዝቅዞ ማቆየት ማለት ነው። ጄምስ ቤድፎርድ በ1967 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሞቶ ገላውን አቀዘቀዙት። እስከ ዛሬ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ። የሚጠብቀው ድርጅት አልኮር «ታካሚ» ይለዋል። «አስከሬን» ብል ተስፋቸውን ቆረጥኩት፣ «ታካሚ» ብል ሆስፒታል የተኛ ይመስላል። «ያንቀላፋ» ቢባልስ?

ግስ ወዳድ፦ ይሄዳል። «አንቀላፋ» እኮ ከ«ቆለፈ» የመጣ ይመስለኛል። ዓይን ሲቆለፍ ማለት ነው።

የድጓ ልጅ፦ በፍጹም! እርባታውን እየው። «ቆልፎ» እንላለን፣ «አንቀላፍቶ» እንላለን። ያቺ «ት» ከየት መጣች? ሰምቶ፣ በልቶ እንደምንለው ናት። ግእዙ ሰምዐ፣ በልዐ ነው፣ አማርኛ የመጨረሻውን ፊደል ውጦታል። «አንቀላፋ»ም መጨረሻው ላይ የተዋጠ ነገር አለው። «ቆለፈ» ግን ሦስቱም ፊደሎቹ አሉ።

ግስ ወዳድ፦ የአንድ ፊደል ነገር ዝምድናን አያፈርስም።

የድጓ ልጅ፦ ያፈርሳል እንጂ! ግስ በሆሄ ነው የሚቆመው።

እመት፦ ወደ ትርጉሙ ኑ። ዮሐንስ 11 ላይ ጌታ አልዓዛር ተኝቷል ሲል ደቀ መዛሙርቱ የእውነት እንቅልፍ መሰላቸው፣ ከዚያ በግልጽ «ሞተ» አላቸው። እንቅልፍ ያለው ቀስቃሽ ስለነበረ ነው። ናይትሮጅን ውስጥ ላለው ሰው ማን ነው ቀስቃሹ? እስካሁን አንድም ሰው ከዚያ ተነስቶ አያውቅም። ደግሞም ሰው ዕድሜ ሲጠግብ መሄድ አለበት፣ አብርሃምም ዘመን ጠግቦ ነው የሞተው።

ዘመን፦ እመት፣ «ጠገበ» የሚለው ቃል ላይ እንቆይ። አባቴ በ81 ዓመቱ ነው ያረፈው፣ አልጠገበም ነበር። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንኳ መነጽሬን አምጡልኝ ይል ነበር፣ የጀመረው መጽሐፍ አርባ ገጽ ያህል ቀርቶት። ይሄን ስስት አልለውም። እኔ ራሴ ገንዘቡ ቢኖረኝ እመዘገባለሁ፣ ባልነቃም የሚቀርብኝ ነገር የለም።

እመት፦ ነፍስ ይማር። ግን የቀረው አርባ ገጽ ሲያልቅ ሌላ መጽሐፍ ይጀመራል፣ መቼም አያልቅም እኮ።

ዘመን፦ አዎ፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ጠያቂው፦ እና «ያንቀላፋ» ልበል? ነገ ነው የማስረክበው።

ግስ ወዳድ፦ «ቀላፋ» የሚል ግስ ብቻውን ቆሞ የሚያውቅ ካለ አምጡልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።