ኤምቢኤ ወይስ ፕሮጀክት ማኔጅመንት? ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴስ እንዴት ይውጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አምስት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ወደ ማኔጅመንቱ ልዞር ነው። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ያው ኤንጋትን፣ አልፌያለሁ። ሒሳቡ አልከበደኝም፤ እንግሊዝኛው ግን ላብ በላብ አድርጎኛል።

የተያዝኩት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላይ ነው፤ ያው ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለምማርበት ቦታ የሚልከው የውጤት ማስረጃ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ክሊራንስ፣ ማለትም የተማርሽበትን ወጪ ከፍለሽ ጨርሰሻል የሚል ወረቀት፣ ካላመጣሽ አንልክም አለ። የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ እኮ በየወሩ ከደመወዜ ሲቆርጥ ነበር! ፔይሮሉ ላይ «ወ.መ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች፤ ፎቶ አንስቼ ይዣታለሁ። ግብር ቢሮ ስጠይቅ ግን በስሜ የገባው የ14 ወር ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? መሥሪያ ቤቱ «ሒሳብ ሠራተኛዋ ለቃለች፣ ሰኞ ነይ» ይለኛል። ስንት ሰኞ አለፈ መሰላችሁ። ልዩነቱን ከኪሴ ከፍዬ ልገላገል ወይስ በደብዳቤ ልሟገት? ምዝገባው ሊዘጋ ነው።

ሌላው የምርጫው ነገር ነው። ኤምቢኤ ፋይናንሱንም፣ ማርኬቲንጉንም፣ የሰው ኃይሉንም ያስነካል። ሰንጋ ተራ ኮሜርስ ያለው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ ደግሞ ለሙያዬ ይቀርባል። ልቤ ወደ ኤምቢኤ ነው፤ ግን ዴቢትና ክሬዲት እንኳ ይምታታብኛል። ከምህንድስና ወጥታችሁ ኤምቢኤ የገባችሁ፣ ማሟያ ኮርስ አስወሰዷችሁ? ማታ እየተማሩ ሳይት መዋልስ ይቻላል?