ሰማያዊው ቀለም ግማሽ ቀን አልቆይ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስት ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ለማስተርስ ሥራዬ ቲፕስ-ፔንታሲን እየሠራሁ ነው፤ ለስስ ፊልም ትራንዚስተር የሚሆን ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነበር። ኦርቶ-ፍታላልዴሃይድና 1,4-ሳይክሎሄክሳንዳዮን ኢታኖል ውስጥ አሟሟሁ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሳደርግበት ቢጫው ፔንታሲንኪኖን (ለቀጣዩ ደረጃ መነሻ የሚሆነው ውህድ) ቁጭ አለ። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ አለቀ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቲፕስ-አሴቲሊኑን (የጎን ቡድኑን) ኪኖኑ ላይ ለማያያዝ ቡቲል ሊትየም ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አየርና እርጥበት ሲነካው ይበላሻል። እኛ ላብ ያለው ጠርሙስ ስንቴ እንደተከፈተ እግዜር ይወቀው። እንደምንም ጨርሼ ስታነስ ክሎራይድ (የቆርቆሮ ጨው) እና አሲድ ስጨምርበት ግን ያ ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ጮቤ ረገጥኩ! ቶሉይን ውስጥ አሟሙቼ መስኮት ጥግ ትቼው ወጣሁ (ሞኝነቴ)። ከምሳ ስመለስ ገርጥቷል። በቀረችው የሠራሁት ፊልም ላይ የጌት ቮልቴጁን (ትራንዚስተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን) ብለዋውጥም ከረንቱ ንቅንቅ አይልም።

ብርሃንና ኦክስጅን እንደሚጎዱት አውቃለሁ። ያልገባኝ፣ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው ወይስ የተረፈ አሲድና ቆርቆሮም አለበት? በሄክሴን አጭር ሲሊካ ኮለም (ማጣሪያ ቱቦ) ባሳልፈው ይጠራል? በቡቲል ሊትየም ፋንታ ግሪኛርድ (የማግኒዚየም ሪኤጀንት) የሞከራችሁስ፣ እንዴት ሆነላችሁ? የቀረኝ ኪኖን 2 ግራም ብቻ ነው።