ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሮቦቲክስና የማሽን ለርኒንግ ተመራማሪ መሆን

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻው መምህር
የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ቀሪውን የሥራ ዘመኔን በሮቦቲክስና በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ ራሱ እንዲማር በማድረግ) ምርምር ላይ ማዋል እፈልጋለሁ፤ ይሁን እንጂ በእጄ ያለው አንድ ላፕቶፕና ተማሪዎቼ የሠሯት ባለ ጎማ ትንሽ ሮቦት ብቻ ናቸው። ለዶክትሬት ከማመልከቴ በፊት ሮቦቱን ትቼ ኮምፒውተር ብቻ በሚበቃው የማሽን ለርኒንግ ዘርፍ ልግፋ ወይስ ሁለቱን አጣምሬ ልያዝ?

መልስ፦ የደሴ ልጅ
አብሽሩ መምህር፤ ሁለቱን ባይነጣጥሏቸው እመክራለሁ። የሮቦቲክስ ተመራማሪውን የፒተር አቢልን የሥራ ጉዞ ይመልከቱ፤ እንደ እርስዎ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማሽን ለርኒንግ ተመራማሪው በአንድሩ ንግ አማካሪነት ዶክትሬቱን ሲያጠናቅቅ፣ ሄሊኮፕተር ከባለሙያ አብራሪ እያየ እንዲማር የሚያደርግ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ ሮቦት ፎጣ እንዲያጥፍ አደረገ። ሮቦቱ ከ50 ፎጣዎች 50ውንም አጥፏል፤ ሆኖም አንዱን ለማጠፍ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል። ጠንካራ ዕቃ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ በ6 ቁጥሮች ይገለጻል፤ ጨርቅ ግን በነካነው ቁጥር ቅርጹን ስለሚለውጥ በጥቂት ቁጥሮች አይያዝም። ችግሩ ዛሬም ተፈቶ አላለቀም፤ እርስዎ ደግሞ የሚኖሩት የጨርቃጨርቅ ከተማ ውስጥ ነው።

መልስ፦ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ
ወንድሜ፣ ስለ ሮቦት ባላውቅም በልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለሠራሁ ስለ ጨርቁ ልናገር። ከክምር ላይ አንድ ጨርቅ ብቻ ለይቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል፤ ቀጫጭኑ ግን እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ሁለት ሦስት ሆኖ ይነሳል። የለመደች ሠራተኛ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ትለየዋለች፣ መደረቡንም ሳታይ በጣቷ ታውቃለች፤ አዲስ የገባችው ግን ይህን እስክትለምድ ብዙ ጨርቅ ይበላሽባታል።

መልስ፦ የደሴ ልጅ
እህታችን የተናገረችው ራሱ የምርምር ጥያቄ ነው። የጎግል እህት ኩባንያ የሆነው ዲፕማይንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ገዝቶ በነጻ የለቀቀው ሙጆኮ የተባለው ሲሙሌሽን (የዕቃዎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) በላፕቶፕ ስለሚሠራ፣ የጨርቁን ክብደትና የሰበቃውን መጠን እየቀያየሩ ብዙ ሙከራ ማድረግ ይችላሉ። ሆኖም በሲሙሌሽን የሠራው በእውነተኛ ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ስለዚህ ያልሠራውንም በቀን በቀኑ ይመዝግቡ። ለዶክትሬት ሲያመለክቱ ከውጤትዎ ባልተናነሰ የሚመዘነው ራስዎ ጀምረው እዳር ያደረሱት ሥራና ያንን በቅርብ ያየ ሰው የሚጽፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪ ሲቀበሉ፣ በአውሮፓ ግን ቦታው በአብዛኛው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ስለሚወጣ ዓመቱን ሙሉ መከታተል ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቤ እጀምራለሁ። እህቴ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ያ የአውራ ጣት አገፋፍ እንዴት እንደሆነ ቀርቤ ባየውና በካሜራ ብቀርጸው እወዳለሁ።