ክርክር፦ በሴሚሜታል ውስጥ የኤሌክትሮኖች መገፋፋት ከረንቱን ያግዳል ወይስ አያግድም?

አስጀማሪ፦ ስለ ዌይል ሴሚሜታሎች እያነበብኩ ነው። ሁለት የኢነርጂ ባንዶች (ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የሚችሉት የኢነርጂ ክልል) ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካኩባቸው ክሪስታሎች ናቸው፤ በ2015 የተረጋገጠው ታንታለም አርሰናይድ አንዱ ነው። ግማሹ ሰው «የኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ኮንዳክቲቪቲውን (ከረንት የማስተላለፍ አቅሙን) አይነካም፣ ተወው» ይላል። ሌላው «ዋናው ነገር እሱ ነው» ባይ ነው። እናንተስ?

ቀመር ወዳድ፦ እኔ ከ«ተወው» ወገን ነኝ። ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ሲጋጭ አንዱ ያጣውን ሞመንተም ሌላው ይወስደዋል። ድምሩ አይነካም። ከረንቱን የሚያዳክሙት ባዕድ አተሞችና የክሪስታሉ ንዝረት ናቸው። የኩሎምብ ኃይሉም፣ ማለትም በቻርጅ ምክንያት የሚመጣው መገፋፋት፣ ወደ ዝቅተኛ ኢነርጂ በወረድን ቁጥር፣ በሎጋሪዝም ቀስ እያለ ይዳከማል።

ነቃፊ፦ ቆይ ቆይ ወንድሜ። ያልከው የሚሠራው ቻርጅ ተሸካሚው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ፌርሚ ደረጃው (ኤሌክትሮኖች እስከዚያ ድረስ የሚሞሉት የኢነርጂ ልክ) ባንዶቹ የሚነካኩበት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚሄድ) እኩል ናቸው። ቮልቴጅ ስትሰጣቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ከረንታቸው ይደመራል፣ ሞመንተማቸው ግን ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ሲጋጩ ሞመንተም ሳይጠፋ ከረንቱ ይሞታል! አንድም ባዕድ አተም የሌለበት ክሪስታል እንኳ ኮንዳክቲቪቲው ውስን ነው። ሎጋሪዝሙን ካልቆጠርን ከሙቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። ተራ ብረት ሲሞቅ ይብስበታል፤ ይሄኛው ይሻለዋል።

ቀመር ወዳድ፦ እሺ፣ ነጥቡ ላይ ከሆነ። ግን ማን ነጥቡ ላይ አርፎ ያውቃል?

ከላብ፦ እውነት ነው፣ የእውነቱ ክሪስታል ፌርሚ ደረጃው ከነጥቡ ፈቀቅ ይላል። ባዕድ አተሞቹም አንድ ቦታ ኤሌክትሮን፣ ሌላ ቦታ ሆል ያጠራቅማሉ፤ ዝናብ እንደመታው መንገድ ኩሬ በኩሬ ነው። ልኬቱም ቢሆን ያጣላል። ሌላውን ዌይል ሴሚሜታል፣ ተንግስተን ዳይፎስፋይድን ተመልከቱ። በ2018 አንድ ቡድን ቁሱ የቪደማንና ፍራንዝን ሕግ (ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፍበትና ከረንትን የሚያስተላልፍበት መጠን በቋሚ ሬሾ የተያያዙ ናቸው የሚለውን) በብዙ እንደሚጥስ ለካና ኤሌክትሮኖቹ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳሉ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ ቁስ ለካ። ወደ 2 ኬልቪን ሲወርድ ሕጉ ተመልሶ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን መዛነፍ ተራ የኤሌክትሮን ግጭትም ሊያመጣው ይችላል አለ።

ነቃፊ፦ አየህ፣ ግጭቱን ማንም አልካደም! ደግሞ ባንዶቹ እንደ ዌይል በቀጥታ መስመር ሳይሆን በኳድራቲክ ከርቭ ሲነካኩስ? ፊዚሲስቶቹ አብሪኮሶቭና ቤኔስላቭስኪ ገና በ1971 አስልተውታል። እዚያ መገፋፋቱ አይዳከምም፤ የተለመደው የኤሌክትሮን ሥዕል ራሱ ይፈርሳል። እዚያም «ተወው» ነው?

ቀመር ወዳድ፦ እዚያ አልልም። ርዕሱ ግን ዌይል ነው፣ አታምታታ።

አስጀማሪ፦ ታዲያ ፈቀቅ ያለ ክሪስታል ነጥቡ ላይ እንዳለ የሚቆጠረው መቼ ነው?

ከላብ፦ የሙቀት ኢነርጂው ርቀቱን ሲበልጥ። ፌርሚ ደረጃው ከነጥቡ 10 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ቢርቅ፣ ከ116 ኬልቪን በላይ መሞቅ አለበት። እዚያ ስትደርስ ደግሞ የክሪስታሉ ንዝረት ይገባና የትኛው ግጭት ከረንቱን እንደቀነሰው መለየት ጣጣ ነው።