ለመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ የኤስፔራንቶ ቃላትን ከየት ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በትርፍ ጊዜዬ መጻሕፍትን በእጅ እጠርዛለሁ፤ ለዓለም አቀፍ መግባቢያ የተፈጠረውን ቋንቋ፣ ኤስፔራንቶንም፣ ከዚያ ባላነሰ ፍቅር እማራለሁ። ሰሞኑን አንድ ጥራዝ ከወረቀቱ እጥፋት እስከ ሽፋኑ እንዴት እንደሚሠራ በኤስፔራንቶ ለመጻፍ ተነሥቼ ገና በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆሜአለሁ። ወረቀት «ፓፔሮ»፣ ክር «ፋዴኖ»፣ ቆዳ «ሌዶ»፣ መጠረዝ «ቢንዲ» መሆናቸውን ለማወቅ አልተቸገርሁም። ያስቸገሩኝ ከሙያው ውጭ እምብዛም የማይነሡት ነገሮች ናቸው፦ የወረቀቱን እጥፋት የምናስተኛበት ከአጥንት የተሠራው ማጠፊያ፣ ወስፌው፣ ተደራርበው ከታጠፉ በኋላ በአንድነት የሚሰፉት ወረቀቶች፣ ጥራዙ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ታንቆ የሚቆይበት መጫኛ፣ እንዲሁም በመጽሐፉ ጀርባ ላይኛና ታችኛ ጫፍ የሚሰፋው ባለቀለም የክር ጠርዝ። እነዚህ አስቀድሞ የወጣላቸው ስም አላቸው ወይስ እኔው ልሠራላቸው? እኔ ብሠራውስ አንባቢ ይቀበለኛል?

መልስ 1

ከመሥራት በፊት መፈለግ ይቀድማል። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በበይነ መረብ የሚገኘውን «ሬታ ቮርታሮ» የተባለ መዝገበ ቃላት ነው፤ በብዙ ቋንቋዎች ፍቺ ስላለው፣ የሙያውን ቃል በሚያውቁት በየትኛውም ቋንቋ ጽፈው ወደ ኤስፔራንቶው መድረስ ይችላሉ። ቀጥሎ በ1970 የታተመውና በ2002፣ በ2005 እና በ2020 እየታደሰ የወጣው መዝገበ ቃላት «ፕሌና ኢሉስትሪታ ቮርታሮ» አለ፤ ይህኛው ፍቺውን በራሱ በኤስፔራንቶ ስለሚሰጥ ቃሉ በትክክል የእርስዎን ዕቃ የሚገልጽ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ስሙን በየትኛውም ቋንቋ ለማያውቁት ዕቃ ደግሞ በ1988 የወጣው የሥዕል መዝገበ ቃላት «ኤስፔራንታ ቢልድቮርታሮ» አለልዎ፤ ዕቃውን በዓይን ለይተው ስሙን ከቁጥሩ ያነባሉ። ወስፌ «አሌኖ» ይባላል፤ እሱን መሥራት አያስፈልግዎትም።

ማጠፊያው ግን ከቋንቋው ሰዋስው በቀጥታ ይወጣል። አማርኛ «ማጠፍ» ከሚለው «ማጠፊያ»ን፣ «መቁረጥ» ከሚለው «መቁረጫ»ን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ኤስፔራንቶም በግሡ ላይ «ኢል» የሚለውን ቅጥያ ጨምሮ የመሣሪያ ስም ያወጣል። የቋንቋው ፈጣሪ ዛሜንሆፍ በ1905 በታተመው የቋንቋው መሠረታዊ መጽሐፍ «ፉንዳሜንቶ» ውስጥ ይህን ያስተማረበት መልመጃ በመጥረቢያ እንፈልጣለን፣ በመጋዝ እንገዘግዛለን፣ በመርፌ እንሰፋለን፣ በመቀስ እንቆርጣለን እያለ የሚሄድ ነው፤ መሣሪያው ሁሉ ከግሡ ተወልዷል። ስለዚህ «ፋልዲ» ማጠፍ ከሆነ «ፋልዲሎ» ማጠፊያ ነው፤ ከአጥንት መሠራቱን ለመናገር «ኦስታ ፋልዲሎ» ቢሉ ማንም አንባቢ ይረዳዎታል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ይህ ቅጥያ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ እኔም የተሳሳትሁባቸው ስለሆኑ፣ ልጨምር። አንዳንዱ ሥር ከመነሻው የመሣሪያ ስም ነው። «ማርቴሎ» መዶሻ፣ «ፔኒኮ» የቀለም ወይም የሙጫ መቀቢያ ብሩሽ ነው፤ በእነዚህ ላይ «ኢል» ቢጨምሩ ትርፍ ይሆናል። ሙጫ መቀቢያውን «ግሉፔኒኮ» ማለት ይበቃል። «ኩድሪ» መስፋት ስለሆነ ደግሞ «ኩድሪሎ» የስፌት መኪና ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መርፌ ነው፤ መኪናው «ኩድሮማሺኖ» ነው።

ለመጫኛው በጣም ይጠንቀቁ። «ፕሬሚ» መጫን ወይም መጨቆን ሲሆን «ፕሬሲ» ማተም ነው፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ጥራዝዎን «ፕሬሲሎ» ውስጥ አስገባሁ ብለው ከጻፉ፣ አንባቢው ማተሚያ ውስጥ የገባ መጽሐፍ ይታየዋል። የእርስዎ ዕቃ «ፕሬሚሎ» ነው። ታጥፈው በአንድነት የሚሰፉትን ወረቀቶች በተመለከተም «ፎሊዮ» ቅጠልም የወረቀት ቅጠልም ስለሆነ፣ የስብስብ ቅጥያውን «አር» ጨምሮ «ፎሊያሮ» ማለት ያጓጓል፤ በልማድ ግን ይህ ቃል የዛፍን ቅጠል ሁሉ የሚያመለክት ነው። «ካዬሮ» ይሻላል፤ እሱም ቀድሞ ደብተርን ስለሚያስታውስ፣ መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ «በመካከሉ የሚሰፋ የታጠፈ ካዬሮ» ብለው በኤስፔራንቶ ይግለጹትና ከዚያ በኋላ በአንድ ቃሉ ይቀጥሉ።

መልስ 3

ባለቀለሙን የክር ጠርዝ ማንም አላነሣውምና እኔ ልሞክር። አንዳንድ ቋንቋዎች ለዚህ ነገር ያላቸው ስም በቀጥታ ቢተረጎም «የራስ ጥብጣብ» የሚል ይሆናል፤ ይህን «ካፕሩባንዶ» ብለው ቢያስገቡት ሌላ አገር ያለው አንባቢ በሰው ግንባር ላይ የሚታሰር ነገር ይመስለዋል። የአንድ ቋንቋ ዘይቤ ከቋንቋው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙን ይዞ አይሄድም። እኔ ብሆን ከስያሜው ይልቅ ዕቃውን አይቼ፣ የሚገኘው በመጽሐፉ ጀርባ ነውና «ዶርሶ» ከሚለው፣ ቅርጹም ትንሽ ጥብጣብ ነውና «ሩባንዴቶ» ከሚለው አጣምሬ «ዶርሳ ሩባንዴቶ» እላለሁ። ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ የጸደቀ ቃል አይደለም፤ የተሻለ ካገኙ ይተኩት።

የውጭ ቃል እንዳለ ለመውሰድ ለሚፈልጉም አንድ ነገር ልበል። የኤስፔራንቶ ዐሥራ አምስተኛው ደንብ ይህን የሚፈቅደው አብዛኞቹ ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ ለወሰዱት ቃል ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቋንቋ ብቻ የሚነገር የጠራዦች ቃል በዚህ በር አይገባም።

ስለ ተቀባይነት ለጠየቁት፦ የዘመናዊው የሙያ ቃላት ጥናት መሥራች ተብሎ የሚታወቀው ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር ሥራውን የጀመረው በኤስፔራንቶ መዝገበ ቃላት ነበር፤ የኤስፔራንቶና የጀርመንኛ ኢንሳይክሎፔዲያዊ መዝገበ ቃላቱ ከ1923 ጀምሮ ታትሟል። ለአንድ ነገር አንድ ስም መርጦ በዚያው መጽናት የሚለው ጥንቃቄ ከዚህ ሙያ የመጣ ነው፤ እርስዎም በጽሑፍዎ መጨረሻ የተጠቀሙባቸውን ዐሥር ያህል ቃላት ከሥዕል ጋር ቢያስቀምጡ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚጽፈው ጠራዥ ያገኛቸዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ፕሬሲሎ» ብዬ ጽፌ ነበርና ሁለቱንም ቦታ አርሜዋለሁ። አንድ የቀረኝ፣ አንዱን ካዬሮ ከቀደመው ጋር የሚያያይዘው ቋጠሮ ነው፤ «ኖዶ» ከሚለው ተነሥቼ «ኩኒጋ ኖዶ»፣ ማለትም አገናኝ ቋጠሮ ብየዋለሁ። የሚያሻማ ከመሰላችሁ ጽሑፉን ሳላወጣ ንገሩኝ፤ ሥዕሎቹን በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ።