ክርክር፦ እንግሊዝኛ በሳምንት ሁለት ቀን ወይስ በየቀኑ?

ጠያቂ (ወላጅ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ልጄ 1ኛ ክፍል ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ የእንግሊዝኛ መምህርት ግን አንዲት ናት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን፣ 80 80 ደቂቃ ይሁን ተባለ። ለኛ ማክሰኞና ሐሙስ ደረሰን። ምን ትላላችሁ?

ወላጅ፣ ባሕር ዳር፦ ጥሩ ነው እንጂ! ረጅም ሰዓት ካላት ዘፈኑም፣ ጨዋታውም፣ ጽሕፈቱም ይገባል።

ጡረተኛ መምህር፣ ቢቸና፦ የ7 ዓመት ልጅ 80 ደቂቃ? 20 ደቂቃ ሳይሞላ እርሳስ መቅረጽ ይጀምራል። ከዚያ «ቲቸር ሽንት ቤት» ነው። እኔ አንድ ሰኞ «ዚስ ኢዝ ማይ ኖዝ» እያስባልኩ አፍንጫቸውን ሳስነካ ዋልኩ። ሐሙስ ስጠይቅ ግማሹ ጆሮውን ያዘ። የአንዱን ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ለሁለት ክፈሉት። 20 ለአንዱ ክፍል፣ 20 ለሌላው፣ በየቀኑ። አስሉት፦ በድርቡ (ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ 80 ደቂቃ ሲሆን) መምህርቷ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፤ በዚህኛው 15 ብቻ።

ከደብረ ኤልያስ፦ ልክ ናቸው። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ይዞ ነው የሚነሳው። ትንሽ ነች፣ ግን ዕለት ዕለት ናት።

ወላጅ፣ ባሕር ዳር፦ የቆሎ ተማሪ እኮ ከየኔታ ጋር ነው የሚውለው! የኛ ልጅ ቤት ሲገባ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አይሰማም።

ጡረተኛው መምህር፦ ታዲያ ለዚህ አይደል በየቀኑ የምለው?

ወላጅ፣ ገጠር ቀበሌ፦ ገበያውን ረሳችሁት። እኛ ዘንድ ሐሙስ ገበያ ነው። ገሚሱ ልጅ ከብት ጥበቃ ወይም ከእናቱ ጋር ነው። የሐሙሷ 80 ደቂቃ ከቀረች የሳምንቱ ግማሽ ሄደ። በየቀኑ ከሆነ ግን የሚቀረው አንድ አምስተኛው ነው።

ከእንጅባራ፦ የናንተስ ቀላል ነው። የኛ ልጆች በአገውኛ ይማራሉ፣ አማርኛ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። ሦስቱን ድርብ ድርብ ብታደርጓቸው ሒሳብ የት ሊገባ ነው?

ጠያቂ፦ እሽ፣ ግን ከ160 ደቂቃ ወደ 100 መውረድ ነው እኮ። አንድ ሰዓት ተቀማን ማለት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ከ160ው ስንቱን ያዳምጣል ብለህ ነው?

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦ እኔ 20 20 ደቂቃውን አስተምሬበታለሁ። ይሠራል፣ በሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቀሪውን 20 ደቂቃ የክፍሉ መምህር ፊደል ወይም ቁጥር ማስያዝ አለበት፤ አለዚያ ጩኸት ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ክፍሎች ጎረቤት ይሁኑ። የኔ አንዱ ክፍል ግቢው ጫፍ ላይ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ጭቃውን ተሻግሬ፣ ጫማዬን ጠርጌ እስክገባ 5 ደቂቃ ትሄድ ነበር። ከ20 ላይ 5 ስትቀነስ ያማል።

ጠያቂ፦ ይሄን አላሰብኩትም። የኛዎቹ ጎን ለጎን ይመስሉኛል። ነገ ልጄን ሳደርስ አየዋለሁ።